ጋሽ ስዩም ያልነገሩት መርዶ

ከሱሉልታ ስልክ ሲደወልልኝ የአንድ ደንበኛ መታወቂያ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ አስቀምጬ ክዳኑን ልዘጋ ስል ነበር። የደወለችው የጋሽ ስዩም ልጅ ናት። ገና «አስቴር» ስትለኝ ገባኝ። «አባዬ ዛሬ ጠዋት አረፈ» አለች። ደንበኛው «ፊትና ጀርባውን ነው ያልኩሽ» ይለኛል፣ እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ ክዳኑን ይዤ ቆሜያለሁ። ሳምንቱን ሙሉ መብራት እየመጣ እየሄደ አድክሞኝ ነበርና መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም፤ ድካም ነው። ለደንበኛው ፊትና ጀርባውን ሠርቼ ሰጠሁት። ከዚያ ሱቄን ዘጋሁና ደጅ ያለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ያቺ ወንበር የእሳቸው ነበረች። እኔ ለደንበኞቼ ብዬ ነበር ያሠራኋት፤ እሳቸው ከሱቄ ጀርባ ያለውን ክፍል ተከራይተው ከገቡ በኋላ ግን ደንበኛ ቆሞ መጠበቅ ለመደ።

ቡራዩ ውስጥ ስዩም ብሎ ለጠየቀ የሚያውቃቸው ሰው ጥቂት ነው። «ካፒቴኑ» ካላችሁ ግን ወያላው ሁሉ ያውቃቸዋል። ከአሸዋ ሜዳ ታክሲ ሊሳፈሩ ሲመጡ ገና ከሩቅ «ካፒቴን! አሰብ ቀጥታ! አንድ ሰው ብቻ!» እያሉ ይጮኹባቸዋል። እሳቸው አይቆጡም፤ ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው «ካፒቴን አልነበርኩም፣ ሁለተኛ መኮንን ነበርኩ» ይላሉ። ይህንን በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚሉት እግዜር ይወቅ። አንድ ቀን «ምን አለበት ካፒቴን ቢሉዎት?» ብላቸው «እኔ ያልደረስኩበትን ቦታ ደርሰሃል ሲሉኝ ዝም ካልኩ፣ ምኑን መርከበኛ ሆንኩት?» አሉኝ።

ወጣትነታቸውን በንግድ መርከብ ላይ ነው የጨረሱት። ሥራቸው መርከቡ የት እንዳለና ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ነበር። ወደቡ ከእጃችን ሲወጣ እሳቸውም አንድ የባሕር ካርታ ጠቅልለው ደጋ ወጡ። ሰበታ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነው እስከ ጡረታ ሠሩ። ሚስታቸው ሞተችባቸው፤ ልጃቸው አግብታ ሱሉልታ ገባች። «ለምን ልጅዎ ጋ አይኖሩም?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ሱሉልታ ይበርዳል» አሉ። ቡራዩ በጣም የሚሞቅ ይመስል!

የእጅ ሰዓታቸው ከማንም ሰዓት ጋር አይስማማም። እንግሊዝ አገር ግሪንዊች የምትባል ቦታ አለች፤ የዓለም መርከበኛ ሁሉ የሚሠራው በእሷ ሰዓት ነው። ጋሽ ስዩም ሰዓታቸውን በግሪንዊች ሞልተው ትተውታል። «ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ የሚጠይቃቸው ሰው መጀመሪያ ወደ ፀሐይ ሲያንጋጥጡ፣ ቀጥሎ ሰዓታቸውን ሲያዩ፣ ከዚያ በጣታቸው ሦስት ሲቀንሱ ቆሞ መጠበቅ አለበት። «ኸረ ጋሽ ስዩም፣ እንደ ሰው በሀበሻ ይሙሉት!» ስላቸው ከሱቁ ፊት ለፊት የባሕር ዛፍ እንጨት ቀጥ አድርገው ተከሉና ጥላው እስኪያጥር ቁጭ አሉ። ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ጥላው አሁንም ያጥራል። ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው ጥላው ማጠሩን ያቆመው።

«አየሽ፣ የቡራዩ ቀትር ይህ ነው። ሬዲዮ የሚነግርሽ የአገሩን ስድስት ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ግን ቡራዩን የምታየው በራሷ ጊዜ ነው። አሁን ግሪንዊች ስንት እንደሆነ ካወቅሁ፣ የሁለታችን ልዩነት ከግሪንዊች ወደ ምሥራቅ ምን ያህል እንደራቅን ይነግረኛል። ምድር ባንድ ሰዓት ውስጥ የምትዞረው የታወቀ ነዋ! ሰዓት የሌለው መርከብ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የት እንዳለ በፀሐይና በከዋክብት ያውቃል፤ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ግን ዕውር ነው።»

ያኔ ሰፈሩ ውስጥ ወሬ ተነዛ። ካፒቴኑ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ፊት እንጨት ተክሎ ጥላ ይቆጥራል፣ ነገሩ የደህና አይደለም ተባለ። አንዲት ደንበኛዬ ለአንድ ወር ያህል በሱቄ በኩል ማለፍ አቆመች። እኔ በሳቅ ሞትኩ፤ እሳቸው ግን እንጨቱን ነቅለው አጥራቸው ላይ ሰኩት።

ከሁሉ በላይ የሚያስቸግሩት በአንድ ነገር ነበር። የሚያውቁትንና የሚገምቱትን አይቀላቅሉም። ካርታቸው ላይ በዓይን የታየና በመሣሪያ የተረጋገጠ ቦታ በክብ ይከበባል። ከዚያ ወዲያ ግን፣ መሬት በማይታይበት፣ መርከቡ በምን ፍጥነት፣ ወዴት፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሄደ ተሰልቶ «እዚህ ሳንሆን አንቀርም» የሚባለው ቦታ በእርሳስ ጭረት ብቻ ነው የሚታለፈው። «ጭረቷን የከበበ ሰው መርከብ ይሰብራል» ይላሉ። ዘይት ተወደደ ስላቸው እንኳ «አየሽ ወይስ ሰማሽ?» ነው ጥያቄያቸው።

ታዲያ የአዴ ጫልቱ ነገር ሲመጣ ይህ ጠባያቸው ለሁላችንም ራስ ምታት ሆነብን።

አዴ ጫልቱ ከሱቄ ማዶ ድንችና ሽንኩርት የምትቸረችር ጎረቤቴ ናት። በዕድሜ ብዙም አትበልጠኝም። አንድ ልጅ አላት፣ ገመቹ ይባላል፤ የሷ አጥር ላይ ቆሞ የኔን ደንበኞች ሲያስቅ የሚውል ልጅ ነበር። ጥር ላይ ከጓደኞቹ ጋር በደላላ ጅቡቲ ወረደ። ኦቦክ ከምትባል የጅቡቲ ወደብ ወደ የመን የሚሻገር ጀልባ ላይ ተሳፈረ። አንድ ጠዋት ከጀልባዋ ላይ ለእናቱ ደወለ፤ ሞተሩ ቆሟል አላት። ስልኩ ተቋረጠ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ከዚያች ጀልባ ምንም አልሰማም።

መጠበቅ እንዲህ ሰውን እንደሚበላ አላውቅም ነበር። ስልኳን ጡቷ ሥር ይዛ ነው የምትውለው። ለደንበኛ ድንች እየመዘነች ታወጣና ታየዋለች። መብራት ሲጠፋ እየሮጠች ጄኔሬተር ያለው ቤት ፍለጋ ትሄዳለች። ሌሊት አትተኛም፤ ቢደውልና ባልሰማስ ትላለች። ከስታ ከስታ ቀሚሷ ብቻዋን የቆመች እስክትመስል ደረሰች። እኛም የምንላት ጠፋን። ልጁ ሞቶባት ቢሆን እናለቅስላት ነበር። ተሳክቶለት ቢሆን እንኳን ደስ አለሽ እንላት ነበር። «አካም ቡልቴ» ብሎ እንዴት አደርሽ ማለት እንኳ ነውር መሰለን። እውነቱን ልናገር፣ እሷን ማየት ደክሞኝ ነበር።

ሰኔ ላይ የእድራችን ሊቀመንበር ኦቦ ለታ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ሱቄ መጡ። ለፎቶ ኮፒ መስሎኝ ነበር። ጋሽ ስዩም አጠገብ ተቀመጡና፣

«አቶ ስዩም፣ ይህቺ ሴት በቁሟ እያለቀች ነው» አሉ። «መርዶ ልንነግራት ተስማምተናል። ታልቅስና ይውጣላት። ግን ያለ ምንም ነገር ሄደን ሞቷል ብንላት ማን ነገራችሁ ትለናለች። አንቱ ባሕሩን ያውቁታል። ካርታውን ዓይተው እንዲህ ያለች ጀልባ አትተርፍም ካሉን፣ ነገ ማለዳ እንሄዳለን።»

እኛ ዘንድ መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው። ሰውየው እህል ቀምሶ፣ እንቅልፉን ተኝቶ ይደር ይባላል፤ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ። መርዶ ካልተነገረ ለቅሶ የለም፣ ድንኳን አይተከልም፣ እድርም አይወጣም። ኦቦ ለታ ክፉ ሰው አይደሉም። ለእሷ አስበው ነው የመጡት።

ጋሽ ስዩም ማዶ ወዳለው የአዴ ጫልቱ ደጃፍ ተመለከቱ። ከዚያ «በምን ወር ነው የተሳፈሩት?» ብለው ጠየቁ።

«ጥር መጨረሻ።»

«ሞተሩ የቆመው የት ላይ ነው?»

ኦቦ ለታ ሌሎቹን ሽማግሌዎች አዩ። «እሱን እሷ ናት የምታውቀው።»

«እንግዲያው መጀመሪያ እሷን ልጠይቅ» ብለው ተነሡ።

ያን ዕለት ካርታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ማሽኔ ላይ ዘረጉ። ዋናው ላይ አይጽፉም፤ ስለዚህ በቁርጥራጭ ወረቀት ኮፒ አደረግሁትና በፕላስተር አያያዝኩት። ሥራው አሰልቺ ነበር፤ ደሴቶቹ አልገጥም እያሉ ሦስት ጊዜ አበላሸሁት። ከዚያ ካርታውን ተሸክሜ አብሬያቸው ሄድኩ። አዴ ጫልቱ ቤት መሬት ላይ ዘረጋነው። እሳቸው ጉልበታቸው እየተንቋቋ አጎንብሰው ተቀመጡ።

«ጫልቱ፣ ገመቹ ሲደውል ምን አየሁ አለሽ? የፈራውን አይደለም የምጠይቅሽ፣ ያየውን ነው።»

እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። እሷ ትንሽ አሰበች።

«ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ ዕቃዬን እያወረድኩ ነበር። ፀሐይዋ ፊቴን እየጠበሰችኝ ነው አለኝ። ልጆቹ ያስታውካሉ አለ። ደግሞ… ኦቦ ስዩም፣ ወዲህም አገር ይታየኛል፣ ወዲያም አገር ይታየኛል፣ ግን ሁለቱም ሩቅ ናቸው አለኝ።»

«በሁለቱም በኩል መሬት ይታያል አለሽ?»

«አዎ።»

የጋሽ ስዩም ፊት በራ። «ጎበዝ ልጅ ነው። መርከበኛ ቢሆን ያዋጣው ነበር። ማየት የነበረበትን ነገር ነው ያየው።» አዴ ጫልቱ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ስትል አየሁ። እሳቸው እርሳሳቸውን አወጡ። የአፍሪካና የየመን ዳርቻ የሚቀራረቡበትን ጠባብ በር፣ ባብ ኤል መንደብን፣ አሳዩዋት። ሁለቱም መሬት የሚታየው እዚያ አካባቢ ብቻ ነው አሉ። ከዚያ በቀስታ አንድ ክብ አደረጉ። «ልጅሽ እዚህ ነበር። ይህ የታየ ነው። ሰዓቱም በግሪንዊች አምስት።»

ክቡን በጣቷ ነካችው። «ከዚያስ?»

«ከዚያ ወዲያ ያለው የኔ ሐሳብ ነው።» እርሳሱን ከፍ አድርገው ያዙ። «ጫልቱ፣ ክረምት ላይ ደጃፍሽ ባለው ቦይ ቅጠል ሲሄድ አይተሻል? ቅጠሉ አይቀዝፍም፤ ውኃው ነው ይዞት የሚሄደው። ሞተሯ የቆመ ጀልባም እንደዚያው ናት። ከጎኗ ደግሞ ነፋስ ይገፋታል። በዚያ በር ውኃው እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል። በኛ ክረምት ወደ ውጭ፣ ወደ ትልቁ ውቅያኖስ ይወጣል። ያኔ ቢሆን ኖሮ የምነግርሽ ሌላ ነበር። በጥር ግን ነፋሱ ከደቡብ ነው፤ ውኃው ወደ ውስጥ፣ ወደ ቀይ ባሕር ይገባል።» ከክቡ ወደ ሰሜን ጭረት በጭረት ሄዱ። «ወይ ወደ አሰብ ዳርቻ ወስዷቸዋል። ወይ ወደነዚህ ደሴቶች። እዚያ ከደረሱ በጠረፍ ጠባቂ ሊያዙ ይችላሉ፤ የተያዘ ሰው ስልክ አይኖረውም። ወይ ደግሞ» አሉና ቆሙ።

«ይንገሩኝ።»

«ወይ ደግሞ በመሃል አልፈው ወደ ላይ ሄደዋል። እዚያ የሚጠጣ ውኃ የላቸውም።»

እኔ ወደ በሩ ዞርኩ፣ እንባዬን እንዳታይብኝ።

በማግሥቱ ኦቦ ለታ መልሱን ሊሰሙ መጡ። ጋሽ ስዩም «ሞቷል አልልም፤ አልሞተምም አልልም» አሏቸው። ኦቦ ለታ ቱግ አሉ።

«ይህ ምን ዓይነት መልስ ነው? እሷ እየጠፋች አንቱ እርሳስ ይስላሉ! የአንቱ እውነት ለማን ነው የሚጠቅመው?»

«መርዶ ከተነገረ አይመለስም፣ ኦቦ ለታ። ነገ ቢደውልስ?»

«ባይደውልስ? ዓመት ቆይቶ ባይደውልስ? ማል ጎና? ምን እናድርግ?»

እኔም ከኦቦ ለታ ጋር ነበርኩ። ማሽኑን አጥፍቼ ወጣሁና «ጋሽ ስዩም፣ ደከመን እኮ! ይክበቡትና ይለቅልን!» አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ። «ደክሞሻል፣ አውቃለሁ» አሉ። «ደክሞሽ የከበብሽው ግን ቦታ አይሆንም፣ አስቴር።» ሽማግሌዎቹ ተቆጥተው ሄዱ። እኔም ሁለት ቀን አኮረፍኳቸው፤ በሦስተኛው ቀን ክራር የሚጫወት ጎረቤታቸውን ሊያማርሩ መጡና ኩርፊያው ተረሳ።

አዴ ጫልቱ ግን ነገሩ አልተረሳትም። አንድ ከሰዓት በኋላ መጥታ ከፊታቸው ቆመች። «ኦቦ ስዩም፣ እስከ መቼ ነው የምጠብቀው?»

«አላውቅም» አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ አንድ የሚያጽናና ቃል ይጨምር ነበር። እሳቸው የጨመሩት ሥራ ነው። «ግን አጠባበቅሽ ልክ አይደለም። መርከብ ላይ ባሕሩን ቀንና ሌሊት የሚያይ አንድ ሰው የለም፤ ያብዳል። ተራ አለ። አንዱ ይቆማል፣ ሌላው ይተኛል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይረካከባሉ። ከዛሬ ጀምሮ ከምሳ በኋላ ያለው ተራ የኔ ነው። ስልኩን ስጪኝና ሂጂ ተኚ።»

«ቢደውልስ?»

«እጠራሻለሁ። እኔ እስካለሁ ድረስ ብቻሽን አትጠብቂም።»

ስልኩን ከጡቷ አውጥታ እስክትሰጣቸው የፈጀባትን ጊዜ አልረሳውም። ሄደች። ማታ ተመልሳ ስትመጣ ፊቷ ላይ የትራስ ምልክት ነበር። ጋሽ ስዩም ከወንበሩ ተነሡና ቀጥ ብለው ቆሙ፤ «ምንም አልታየም። ተራሽን ተረከቢ» አሉ። እሷ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ። «ተረክቤያለሁ በይ» አሏት። «ተረክቤያለሁ» አለች።

እንዲህ ሆነው ከዓመት በላይ ቆዩ። በዝናብም በፀሐይም፣ ያቺን አሮጌ ስልክ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። እንቅልፍ ሲጥላቸው አላየሁም። ሰው ሲያነጋግራቸው ይመልሳሉ፣ ዓይናቸው ግን ስልኩ ላይ ነው። አንዴ የተሳሳተ ቁጥር ተደውሎ ሁለተኛ ሳይጮህ ሲያነሡት አይቻለሁ፤ ሲዘጉት ግንባራቸው አልቦት ነበር። ለእሷ «የተሳሳተ ቁጥር አንድ ጊዜ ደውሏል፣ ሌላ ምንም አልታየም» ብለው አስረከቧት። አልደበቋትም። እሷም ቀስ በቀስ መብላት ጀመረች። ሥጋ ለበሰች። አንዳንድ ቀን ከደንበኛ ጋር ስትሟገት ድምፅዋ እኔ ጋ ድረስ ይሰማ ነበር፤ ደስ ይለኝ ነበር።

ልባቸው ሲታመም ልጃቸው መጥታ ሱሉልታ ወሰደቻቸው። መኪና ውስጥ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ መስኮቱን ዝቅ አድርገው «አስቴር፣ ተራውን ያዢልኝ» አሉኝ። ሥራ አለብኝ፣ ደንበኛ አለብኝ ልል ነበር። «እሺ» አልኩ። በዚያው አልተመለሱም።

ቀብራቸው ቡራዩ ነው የሆነው። ኦቦ ለታ ራሳቸው ድንኳን ሲያስተክሉ፣ ወንበር ሲያስደረድሩ ዋሉ። አዴ ጫልቱ ለቅሶው ላይ አላለቀሰችም። ጥግ ይዛ ተቀምጣ ሰው ስታይ ዋለች። በሠልስቱ፣ ድንኳኑ ሲፈርስ፣ ወደ እሷ ሄጄ «ስልኩን ስጪኝ፣ ከምሳ በኋላ ያለውን እኔ እቀጥላለሁ» አልኳት። ከልቤ ነበር።

«አይ አስቴር» አለች። «አንቺ ሥራ አለሽ፤ ደክሞሻልም። እኔም ደክሞኛል። ኦቦ ስዩም እስካለሁ ነበር ያሉኝ፤ እስካሉ ድረስ ጠበቅን።»

ከዚያ ተነሥታ ወደ ኦቦ ለታ ሄደች። የድንኳኑን ገመድ እየጠቀለሉ ነበር።

«ኦቦ ለታ፣ ነገ ማለዳ ኑልኝ።»

«ወዴት ልጄ?»

«ቤቴ።»

ገመዱ ከእጃቸው ወደቀ። ያን መርዶ ለመንገር ስንት የተሟገቱ ሰው፣ አሁን ጎንበስ ብለው ገመዱን ፈለጉ። ከዚያ «እሺ» አሉ።

ጎህ ሲቀድ ሄድን፤ ኦቦ ለታ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ ከሴት እኔ። ጭቃው ጫማችንን እየያዘ በሯ ደረስን። አንኳኩን። እንደማያውቅ ሰው «ማነው?» አለች። ከፈተችልን። ቤቱ ተጠርጓል፤ እሷም ተኝታ ያደረች ትመስላለች። እንደ ወጉ ተቀመጥን። እንደ ወጉ ሽማግሌው ቀድሞ መናገር አለበት።

ኦቦ ለታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሞቷል እንዲሉ ሁላችንም እንጠብቃለን። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ጫልቱ» አሉ በመጨረሻ። «ገመቹን እኔ አላየሁትም። ከዚህ ያለነው ማናችንም አላየነውም። እስካሁን ያየው ሰውም አልመጣም።» እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። «ግን አልቅሺ፣ ልጄ። አልቅሺ።»

ስልኩን አውጥታ በቀስታ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ከዚያ «ኢልማ ኮ! ልጄ!» ስትል ጎረቤቱ ሁሉ በሩን እየከፈተ ወጣ።